እባክህ አትንቀሳቀስ

በእኛ ቆላ እርጉዝ ሴት አልትራሳውንድ ልትታይ ስትመጣ ሐላዋ በልታ ነው የምትመጣው። ይህን ያስለመድኋቸው እኔ ነኝ።

መተማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ አልትራሳውንድ አጭር ሥልጠና ወስጄ ከተመለስሁ ወዲህ ማሽኑም ክፍሉም እኔው ላይ ቀሩ። ሥራው የሚያስቸግረው ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም፤ የሚያስቸግረው እንቅልፍ ነው። እናቶቹ ከሰሊጥ እርሻውና ከሩቅ ቀበሌ በሙቀት ተጉዘው ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። ጽንሱ መንገዱን ሙሉ ሲወዛወዝ መጥቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጀርባውን ይሰጠኛል፤ ልቡን በደንብ አያሳይ፣ ፊቱን አያሳይ። እናትየዋ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚላወስ ነገር ካላየች ፊቷ ይለወጣል። ልቡ ሲመታ በጣቴ እያሳየኋት «ሞቷል እንዴ?» ትለኛለች። ስለዚህ «ከመግባታችሁ በፊት ጣፋጭ ነገር ቅመሱ፣ ይነቃል» ማለት ጀመርሁ። በእኛ ከተማ ጣፋጭ ማለት ደግሞ ሐላዋ ነው።

ሐላዋ የእኛው ሰሊጥ ነው። በጆንያ ሆኖ ድልድዩን ይሻገርና ሱዳን ይገባል፤ እዚያ ተፈጭቶ፣ ስኳር ገብቶበት፣ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ይመለሳል። ድልድዩ ሲዘጋም አይጠፋም። ከድልድዩ ሥር ኾር አለ፤ ኾር የምንለው ክረምት ሞልቶ በጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው። ድልድዩ የተዘጋ ቀን ሰውም ዕቃውም በኾሩ ይወርዳል፣ ልብሱን ሰብስቦ ወዲያ ማዶ ይወጣል። ትንሽ ይረጥባል፣ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ይደርሳል።

ምክሬ ሲውል ሲያድር ከእጄ ወጣ። ሐላዋ ልጅ ያጠነክራል ተባለ፤ ሐላዋ ምጥ ያቀላል ተባለ፤ ወንድ ያስወልዳል ያሉም አልጠፉም። አንዷ ዕቃውን እንደ ያዘች ገብታ ለማሽኑ ልታቀምሰው ምንም አልቀራት። ማስተባበሉ ሰለቸኝና ተውሁት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእውነት የእኔ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬም ለእያንዳንዷ እላለሁ፦ ከተንቀሳቀሰ ደኅና ነው፤ ዝም ካለብሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሆድ ውስጥ አልተነገረም። ዝም ያሉትን በእነዚህ እጆች ተቀብያለሁ። ሲወለዱም ዝም ይላሉ፤ ክፍሉም አብሮ ዝም ይላል። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ አላወራም።

እኔ ራሴ ያረገዝሁት ሰው ተስፋ ቆርጦ መጠየቁን ከተወ በኋላ ነው። ባሌ የትራክተር ኦፕሬተር ነው፤ በመኸር ወራት ኮኪት አካባቢ እርሻ ላይ ነው የሚውለውም የሚያድረውም። እኔን ለመጠበቅ እናቱ ከሳንጃ መጡ። አማቴ ብዙ የወለዱ፣ ከወለዱትም የቀበሩ ሴት ናቸው። ሲመጡ ሆዴን እንኳ ሳይነኩ ወገቤን አይተው «ይበቃሻል፣ ትችያለሽ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ የእኔን ሥራ ሊያስተምሩኝ አልሞከሩም። በዚህ አከብራቸዋለሁ። እንዲያውም በሰፈር ውስጥ የሐላዋው ነገር ዋነኛ ሰባኪ ሆኑ። «ምራቴ ናት ያገኘችው» ይላሉ፣ መድኃኒት የቀመምሁ አስመስለው።

የልጄን አንጎል መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ በሩን ቆልፌ አልጋው ላይ ተጋደምሁ፤ በአንድ እጄ ማሽኑን እየነካካሁ በሌላው ሆዴ ላይ ፈለግሁት። ወንድ መሆኑን ቀደም ብዬ አይቻለሁ። ያን ቀን የፈለግሁት ዕድገቱን ለመለካት ብቻ ነበር። በሰው አንጎል ውስጥ ውሃ የሚይዙ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉ። የልጄ ወደ ኋላቸው በኩል ሰፍተው፣ እንደ እንባ ዘለላ አብጠው አየኋቸው። ደግሜ አየሁ። ከዚያ ጄሉን ጠረግሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ በሩን ከፍቼ «ቀጣይ» አልሁ። ከሰዓት በኋላ የመጡትን ሁሉ አይቼ ጨረስሁ። ደንዝዤ ነበር እንጂ ጠንክሬ አልነበረም፤ ሰው ይህን ሲሰማ ጠንካራ ይለኛል።

ሐኪማችን አብሮኝ አየው። ብልህ ሰው ነው፤ አያጽናናም። «ውሃው ብቻ ቢሆን እንከታተለው ነበር» አለኝ። «እኔን ያሳሰበኝ መሃሉ ነው።» የቀኙንና የግራውን አንጎል የሚያገናኝ የነርቭ ድልድይ አለ፤ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ለሌላው የሚያቀብለው በዚያ ነው። የልጄ ድልድይ ይኑር አይኑር በእኛ ማሽን አልታይ አለ። ድልድዩ ካለ እፎይ ነው። ከሌለ፣ ከእሱም ጋር ሌላው የአንጎል ክፍል ተበላሽቶ ከሆነ፣ ልጁ ተወልዶም አይቆይም፤ ያኔ እኔና ባሌ ቁጭ ብለን የምንወስነው ክፉ ነገር አለ። ለዚህ ኤም አር አይ ያስፈልጋል። ኤም አር አይ ደግሞ ጎንደር ነው።

ለባሌ ደወልሁለት። ከኋላው የመውቂያው ማሽን ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም ነገርሁት። «ይንቀሳቀሳል?» አለኝ።

«ይንቀሳቀሳል።»

«እንግዲያ ሂጂ። እማ ትሂድ ካንች ጋር፤ ብቻሽን አትሄጅም።»

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ጠዋት ጠብቀን በሚኒባስ ተነሣን። ኮኪትን አለፍን፤ የታጨደው ሰሊጥ ግራና ቀኝ ነዶ ነዶ ሆኖ ቆሟል። ሸሕዲ ስንደርስ ሚኒባሱ ከደጋ የወረዱ ቀን ሠራተኞችን አሳፈረ፤ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። ከዚያ ሽቅብ ነው። አማቴ የሐላዋውን ዕቃ በነጠላቸው ቋጥረው ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ጎንደር አልለቀቁትም። ልጁ እንደ ልማዱ በመኪናው ውዝዋዜ ተኝቶ ሄደ።

የምርመራ ቤቱ ማረፊያ ክፍል ይቀዘቅዛል። ተራዬ ሲቃረብ አማቴ ዕቃውን ፈቱ።

«ብይ።»

«እማ፣ ትንሽ ይቆይ።»

«ምኑ ነው የሚቆየው? ተኝቶ ሊገባ ነው? አንችው አይደለሽ ለሰው ሁሉ የምትይው? ብይ እንጅ!»

እውነታቸውን ነው። ከቆላ ድረስ የመጣሁት ልጄ በደንብ እንዲታይ ነው፤ በእኔ ሙያ ደግሞ በደንብ የሚታይ ልጅ ማለት የነቃ ልጅ ነው። ኤም አር አይ ምን እንደሚፈልግ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ የሚያስብ ባለሙያ እንደ እኔ ነው። በማንኪያ ሰጡኝ፣ በላሁ። ጨመሩልኝ፣ ጨመርሁ። ላዩ ላይ ስኳሩ የበዛ ሻይ ጠጣሁበት። ሁለት ሴቶች ተባብረን ልጁን ለምርመራ አዘጋጀነው።

ማሽኑ የተኛ በርሜል ነው። ወደ ውስጥ ሲያስገቡኝ በጎኔ አስተኝተው፣ ሆዴ ላይ እንደ ቀላል ብርድ ልብስ ያለ ነገር አሰሩብኝ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፉብኝ። ድምፁ የወፍጮ ቤት ሞተር ነው፤ ያንኳኳል፣ ያቆማል፣ በሌላ ዜማ እንደገና ይጀምራል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ተሰማኝ። ዘለለ። ተገለበጠ። ጎኔን በእግሩ፣ ወገቤን በራሱ መታ። እኔ ደስ አለኝ። ይታየኝ ነበር፤ ያ ሁሉ እንቅስቃሴ እንደ ጥሩ ምልክት ስክሪኑ ላይ ሲመዘገብ።

ማሽኑን የሚያሠራው ራዲዮግራፈር ፊቱ ላይ ሳቅና ድካም የተቀላቀለበት ወጣት ነበር። አውጥቶ አስቀመጠኝና «እህቴ፣ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«ሐላዋ» አልሁ፣ ኮራ ብዬ።

ወደ ስክሪኑ ጠራኝ። ጭስ ነው ያየሁት። አንዳንዱ ጭስ ጭንቅላት ይመስላል፤ አንዳንዱ ላይ አንድ ጭንቅላት ሁለት ሆኗል። መሃሉ ላይ ድልድይ ቀርቶ መሃሉ ራሱ የለም።

«አልትራሳውንድ ቪዲዮ ነው» አለኝ፤ አዋላጅ መሆኔን ነግሬው ስለ ነበር እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የሚያናግረኝ። «ልጁ ቢሮጥም ተከትለሽ ትይዥዋለሽ። ይኼ ግን ጉርድ ፎቶ ነው። የተነቃነቀ ሰው ጉርድ ፎቶ አይወጣለትም።» ድሮ እናትየዋን በማስተኛ መድኃኒት ያደነዝዙ ነበር፣ ጽንሱም አብሮ እንዲደነዝዝ፤ ያ ቀርቷል አለኝ። አሁን ፎቶው በጣም ፈጥኖ ነው የሚነሣው፤ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ አንድ ስስ ቁራጭ ይነሣል። ቁራጩ ብቻውን ሲታይ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ከአንዱ ቁራጭ እስከ ቀጣዩ ልጁ ዞሮ መገኘቱ ነው። «ዳቦ ስትቆርጪ ዳቦው እየዞረ ነው በይው። ቁራጮቹን ብትደረድሪያቸው ዳቦውን አይመልሱልሽም።»

ስለዚህ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ እያደረገ ያንኑ ጭንቅላት ደጋግሞ ያነሣዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ያስገባው ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ የተበላሸውን ቁራጭ ይጥላል፤ ደኅናውን እያዞረ፣ እያጋደለ፣ አንዱን ከአንዱ ይገጥምና የቆመ አንጎል ይሠራል፤ ልጁ አንድም ጊዜ ያልተነቃነቀ ይመስላል። ይህን ሲናገር ምራቁን መዋጥ ረሳ። በሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እደሰት ነበር። «ግን ተአምር አይሠራም» አለ። «ግማሹን እንኳ ጸጥ ካላለልኝ የሚገጥመው ነገር የለም። ነገ በጠዋት ኑ። እንጀራ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ። ጣፋጭ የለም።» ወደ አማቴ ዞረ። «እናቴ፣ ሐላዋ የለም።»

«ሐላዋ ምን አደረገዎ?» አሉት፣ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡትን ክብር ሳይነፍጉ።

ያረፍነው የአማቴ እኅት ቤት ነው። ዋናው ጉዳይ ልጁን እንዴት ላስተኛው የሚለው ሆነ። ሥራ ላይ ቆሜ ስውል እንደሚተኛ፣ እኔ ጋደም ስል እንደሚነሣ ሆዴ ነግሮኛል፤ የእኔ መንገድ ለእሱ አልጋ ነው። ስለዚህ ከምርመራው በፊት እስኪደክመኝ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንሁ። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጅ ዝም እንዲል ይለመናል?» አሉኝ። «ሆድ ያለ ልጅ ዝም በል ይባላል? ሟርት ነው እኮ አንች ልጅ።»

«ለትንሽ ጊዜ ነው፣ እማ።»

«ትንሽ ጊዜ መሆኑን እሱ በምን ያውቃል?»

ተናደድሁ። የተናደድሁት ስለ ሟርቱ አይደለም፤ እሳቸው አፍ አውጥተው የተናገሩት እኔ ከራዲዮግራፈሩ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ የማስበውን ስለ ነበር ነው።

በማግስቱ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቼ ወጣሁ። በምርመራ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር ተመላለስሁ። ዘበኛው ምጥ የመጣብኝ መስሎት ወንበር ይዞልኝ ሮጠ። አማቴ ሊቀላቀሉኝ አልፈለጉም፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። ስገባ ግን ተከተሉኝ። ውስጥ መግባት ከፈለጉ ብረት ማውለቅ አለባቸው ተባሉ። ቀለበቱን አወለቁ። ማተባቸው ላይ የተንጠለጠለችውን መስቀል ሲጠይቋቸው ክሩን አልፈታም አሉ፤ ክሩ ይቆይ ተባሉና መስቀሏን ብቻ አውጥተው ሳሟት፣ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ እግሬ ሥር ቆመው ቁርጭምጭሚቴን ያዙ።

ሞተሩ ጀመረ። ልጁ አንዴ ተገላበጠ። እኔም በልቤ «እባክህ አትንቀሳቀስ» አልሁት።

ይህን ሕይወቴን ሙሉ ለማንም ሕፃን ብዬ አላውቅም። ሥራዬ ተቃራኒው ነው። ሆድ መታ መታ እያደረግሁ፣ ጎን እያስለወጥሁ፣ ሐላዋ እያስበላሁ «ተነሥ፣ አሳየን» የምል ሴት ነኝ። አሁን በርሜል ውስጥ ተኝቼ ደጋግሜ እለምነዋለሁ፦ እባክህ፣ ዛሬ ብቻ፣ እባክህ አትንቀሳቀስ። ሰማኝ። ሲቆም አወቅሁት። አንድ ዜማ አለፈ፣ ሌላው ዜማ ጀመረ፤ ልጁ የለም። ሆዴ ከበደኝ። ሌላ ዜማ። የለም።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በእጄ ላይ ዝም ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ፤ እናቶቻቸው «ከትናንት ጀምሮ ተኝቶብኛል» ያሉበት ድምፅ ጭምር። በማዳመጫው ውስጥ የራዲዮግራፈሩ ድምፅ «ጎበዝ! እንዲህ ይቆይልን፣ በጣም ቆንጆ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ጠላሁት። እሱ ያማረለት ነገር እኔ ነፍሴ እስክትወጣ የምሸሸው ነገር ነው። ከበርሜሉ እንዲያወጣኝ ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ከጮህሁ ግን ልጁ ይነቃል፣ ከነቃም መሃሉን ሳናየው እንመለሳለን። አፌን ዘጋሁ። የአማቴ እጅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቀ። እሳቸውም እየለመኑ ነበር፤ ምን ብለው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሲያወጡኝም አልተንቀሳቀሰም። ልብሴን ለበስሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ፕሮግራሙ ቁራጮቹን ገጥሞ እስኪጨርስ፣ ምስሉን የምታነበው ስፔሻሊስትም እስክታየው፣ ከሰዓት በኋላ እስኪሆን ጠብቁ ተባልን። ማረፊያው ክፍል ገብቼ ከመቀመጤ አማቴ ምንም ሳይናገሩ ዕቃውን ፈቱ። ያለ ማንኪያ፣ በጣቴ እየቆረስሁ በላሁ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ጠበቅሁ።

ከዚያ መታኝ። ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ በኃይል፣ በቁጣ።

«እሰይ!» አልሁ ጮክ ብዬ፣ ሰው እስኪዞር። አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ቆዩ።

ስፔሻሊስቷ ስትጠራኝ ብቻዬን ገባሁ። ስክሪኑ ላይ የልጄ አንጎል ቆሟል። ጭሱ የለም። ትናንት የተበጣጠሰው ሁሉ ዛሬ አንድ ሙሉ ነገር ሆኖ፣ እጥፋቶቹ ተቆጥረው በሚያልቁ መስመሮች፣ እሷ ስታዞረው ይዞራል፣ ስታቆመው ይቆማል። ውብ ነበር። ይህን ማለት ደስ አይለኝም፤ ግን ውብ ነበር። የኋለኛው አንጎል ደኅና ነው አለችኝ። እጥፋቶቹ ለዕድሜው ልክ ናቸው። ሌላ የተበላሸ ነገር አይታይም። ከዚያ ምስሉን መሃል ለመሃል ከፈለችውና ጠቋሚውን አሳረፈችበት።

«ድልድዩ የለም» አለች።

እኔም አየሁት። ትናንት በጭሱ ውስጥ ይኖር ይሆናል ብዬ ተስፋ ላደርግ እችል ነበር። ማሽን ሲሻሻል የሚጠራው ያለው ነገር ብቻ አይደለም፤ የሌለውም ይጠራል።

«ምን ይሆናል?» አልኋት።

«ይህ ብቻውን ሲሆን ብዙዎቹ ደኅና ያድጋሉ። አንዳንዶቹ ይዘገያሉ፣ አንዳንዶቹ ይቸገራሉ። አንጎሉ ሌሎች ቀጫጭን መንገዶችን ይጠቀማል። ያንቺ የትኛው እንደሚሆን ግን ይህ ፎቶ አይነግረንም፤ የሚነግርሽ ሰው ካገኘሽም አትመኚው።» ያ ክፉ ውሳኔ ግን ከእኛ ላይ እንደ ተነሣ ነገረችኝ። አመሰገንኋት። ለማመስገን ያህል ነው ያመሰገንሁት፤ ውስጤ ባዶ ነበር።

አማቴ በር ላይ ቆመው ነበር። «ምን አሉሽ?»

«መሃሉ ላይ ድልድይ የለውም። ቀኙና ግራው የሚገናኙበት።»

«ታዲያ ድልድይ ከሌለ በኾሩ ያልፋላ» አሉ።

«አንጎል ኾር የለውም፣ እማ!» ብዬ ጮህሁባቸው። ስፔሻሊስቷ ያለችኝ ያንኑ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ነገሩ ቀላል እንዲሆንልኝ አልፈለግሁም። አማቴ ተቀየሙኝ። እስከ ሸሕዲ ድረስ ቃል አልተለዋወጥንም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሙቀቱ በመስኮቱ ሲገባ አለቀስሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ቀን ሠራተኛ ውኃውን አቀበለኝ እንጂ ምን ሆነሽ አላለኝም። ኮኪት ላይ ባሌ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው የሰሊጥ አቧራ ሆኖ መንገድ ዳር ጠበቀን። ሚኒባሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ነገርሁት። ሆዴን በአቧራማ እጁ ነካው። ልጁ እጁን መታለት። «ተማም» አለ፤ በእኛ ድንበር ሰው ደኅና ነው ለማለት የሚጠቀምበትን የዐረብ ቃል። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ ሚኒባሱም ሄደ።

ልጄ በጥሩ ቀን፣ በጥሩ ጩኸት ተወለደ። ከዚያ መጠበቅ ጀመርሁ። ሌላ እናት ጥርስ ትጠብቃለች፤ እኔ እጁን ነው የምጠብቀው። ሕፃን ከጊዜ በኋላ በአንድ እጁ የያዘውን ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ማንም ልብ አይለውም። ለእኔ ግን ያ ነገር ቀኙ ለግራው ማቀበል መቻሉ ነው። በቀኝ እጁ ማንኪያ አስይዘዋለሁ፤ ይይዘዋል። ሌላ ነገር ሳሳየው ማንኪያውን ይጥለዋል። ግራ እጁ ጎኑ ላይ ቁጭ ይላል፣ ስለ ቀኙ ያልሰማ ይመስል። ከእሱ በኋላ የተወለዱ የጎረቤት ልጆች ሲያቀባብሉ አይቻለሁ። እየሳቅሁ አይቼ ቤቴ ገብቼ እበሳጫለሁ። ዘግይቶ ተቀመጠ፤ ዘግይቶ ዳኸ። ባሌ «ተይው እስቲ ልጁን» ይለኛል። አማቴ ግን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡም፤ እኔም ያኔ ስለጮህሁባቸው ላነሣባቸው አፈርሁ።

ዓመቱን ካከበርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ልጁ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አማቴ አጠገቡ ሰሊጥ ያበጥራሉ። በቀኝ እጁ የሐላዋ ቁራሽ ይዟል፤ ጣቶቹ መሃል እየቀለጠ ነው። ሙቀት ነበርና አማቴ ሳያዩት በኩባያ ውኃ ዘረጉለት። በቀኙ በኩል ነው የዘረጉለት።

ውኃውን ፈለገው፤ ሐላዋውን ግን ሊጥለው አልፈለገም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ መለሰው። እንደገና ዘርግቶ መለሰው። ግራ እጁ ምንም አላደረገም። እኔ በሩ ላይ ቦርሳዬን እንደ ያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ሐላዋውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ፣ እንዳይወድቅበት እያየው። በቀኙ ኩባያውን ያዘ፣ ጠጣ፣ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። ቆየ። ግራ እጁ ከጎኑ ተነሥቶ፣ አየር ላይ ትንሽ ዋለለ፣ ወደ ጭኑ ወረደ፣ ሐላዋውን አገኘውና ወደ አፉ ወሰደው።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«አለፈ» አልኋቸው ለአማቴ።

«ምኑ?» አሉኝ፣ ከሰፌዱ ቀና ብለው። ጎንደር ላይ ስለ ኾሩ ያሉትን ረስተውታል።

ልጁ አንዳችንንም አላየንም። በውኃ የራሰ ደረቱን አቅፎ ግራ እጁን ይልስ ነበር።